«ስንተኛ ወጣ?» ከማለታችሁ በፊት ካርዱን እንዲህ አንብቡት

ሰኔ 30 ካርድ ስንሰጥ ወላጆችን ከመምህር ጠረጴዛ ጀርባ ሆኖ ማየት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ዓይናቸው በቀጥታ ወደ ታች ይወርዳል። ድምር፣ አማካይ፣ ደረጃ። ደረጃው ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ወይ ይፈካል ወይ ይጠቁራል። ከዚያ ካርዱ ተጣጥፎ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ከላይ የተደረደሩትን የትምህርት ዓይነቶች አንድ በአንድ የሚያይ ጥቂት ነው። ልጁ ስንት ቀን እንደቀረ የምትገልጸውን ሳጥን ያየ ወላጅማ ብርቅ ነው።

እኔ ሂሳብ አስተማሪ ነኝ። ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል፣ አዲስ አበባ ውስጥ፣ በመንግሥትም በግልም ትምህርት ቤት ሠርቻለሁ። ሆም ሩም (የክፍል ኃላፊ) ስሆን ሮስተር፣ ማለትም የክፍሉ ልጆች ውጤት በሙሉ የሚሰፍርበትን ሠንጠረዥ፣ የምሞላው እኔ ነኝ፤ የሁሉም መምህር ማርክ ሊስት እኔ ዘንድ ይመጣል። ስለዚህ ካርዱ ላይ ያለችው ቁጥር ከየት ከየት ተለቃቅማ እንደምትመጣ አውቃለሁ። ከልጁ ጭንቅላት ብቻ አይደለም የምትመጣው። ከመምህሩ፣ ከፈተናው፣ ከቋንቋው፣ ከቤቱ፣ ከቁርሱም ትመጣለች። ይሄን ስላችሁ ግን ካርዱ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ካርድ ብዙ ይናገራል። እኛ የምንጠይቀው ሌላ፣ እሱ የሚመልሰው ሌላ ሆኖ ነው የምንጣላው።

እንግዲህ ካርዱን፣ የልጁን ደብተሮችና አንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ያዙና እንጀምር።

ደረጃውን በጣታችሁ ሸፍኑት

መጀመሪያ ደረጃውን ሸፍኑት። ቀልዴን አይደለም። ካርዱ ላይ ካሉት ቁጥሮች ሁሉ ስለ ልጃችሁ ትንሹን የሚናገረው እሱ ነው። ደረጃ የሚናገረው ስለ ሌሎቹ ልጆች ነው። ያው ልጅ፣ በዚያው አማካይ፣ ከ«ሀ» ክፍል ወደ «ለ» ክፍል ቢዛወር 4ኛ የነበረው 11ኛ ሊሆን ይችላል። አንድ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ 91 አምጥታ 15ኛ የወጣች ልጅ አለች፤ ሌላ ቦታ በ82 አንደኛ ተብሎ የሚጨበጨብለት አለ። ማን ይበልጣል? ከካርዱ ማወቅ አይቻልም።

ደግሞ ስሌቱን እዩት። አሥር ትምህርት ቢኖር ድምሩ ከ1000 ነው። በአንድ ትምህርት 5 ነጥብ ብትጎድል አማካዩ የሚቀንሰው በ0.5 ነው። 60 ልጅ ያለበት ክፍል ውስጥ መሐል ላይ ያሉት ተጠጋግተው ነው የሚቀመጡት። በዚያች ግማሽ ነጥብ አራት አምስት ደረጃ ወደ ታች መንሸራተት ያለ ነገር ነው። ያቺ 5 ነጥብ ደግሞ ደብተር በተሰበሰበበት ቀን ልጁ ታሞ ስለቀረ የተነፈገችው ልትሆን ትችላለች። ይሄን ሳታዩ «ባለፈው 12ኛ፣ አሁን 17ኛ! ምን ነካህ?» ብላችሁ ልጁን ብታፋጥጡት ምን ብሎ ይመልስላችሁ? እሱም አያውቀውም።

ሁለት 78

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ካርዱ ላይ የምታዩት ቁጥር ድምር ነው። የምትፈልጉት ዝርዝሩን ነው። ዝርዝሩ መምህሩ ማርክ ሊስት ላይ አለ፤ ወላጅ ሲጠይቅ የማያሳይ መምህር ብዙም አላጋጠመኝም። ችግሩ የሚጠይቅ አለመኖሩ ነው።

አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። አከፋፈሉ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል፤ እኔ ግን ይሄን ልያዝ፦ ቴስት ከ10፣ አሳይመንት ከ10፣ ግሩፕ ወርክ ከ10፣ ደብተር ከ5፣ ተሳትፎ ከ5፣ ሚድ ከ20፣ ፋይናል ከ40።

የመጀመሪያው ልጅ እንዲህ አመጣ፦ ቴስት 8፣ አሳይመንት 10፣ ግሩፕ ወርክ 9፣ ደብተር 5፣ ተሳትፎ 5፣ ሚድ 14፣ ፋይናል 27። ድምር 78።

ሁለተኛው፦ ቴስት 9፣ አሳይመንት 4፣ ግሩፕ ወርክ 6፣ ደብተር 2፣ ተሳትፎ 3፣ ሚድ 18፣ ፋይናል 36። ድምር 78።

ካርዱ ላይ መንትያ ናቸው። በእውነቱ ግን ሰማይና ምድር ናቸው። የመጀመሪያው ብቻውን ወረቀት ፊት ሲቀመጥ ከ70 ያመጣው 49 ነው፤ 70 በመቶ ማለት ነው። የቀረውን ያሟላለት ከ30 ያገኘው 29 ነው። ሁለተኛው ብቻውን ሲፈተን ከ70 63 አምጥቷል። 90 በመቶ። እሱን የጎተተው ከ30 ያገኘው 15 ነው።

የመጀመሪያው ልጅ ሰነፍ ነው? በፍጹም። የታዘዘውን ይሠራል፣ ደብተሩ ንጹህ ነው፣ እጁን ያወጣል። ነገር ግን የሆነ ቦታ ላይ ያልገባው አለ፤ አሳይመንቱን ታላቅ እህቱ ወይም አስጠኚው እየሠሩለት ሊሆንም ይችላል። እሱን «ጎበዝ፣ በዚሁ ቀጥል» ካላችሁት ቀዳዳው ወደሚቀጥለው ክፍል አብሮት ይሻገራል። ሂሳብ ላይ ደግሞ ቀዳዳ ይሰፋል እንጂ አይጠብም። ክፍልፋይ በ5ኛ ክፍል ያልገባው ልጅ 7ኛ ክፍል በመቶኛ ይይዘዋል፣ 8ኛ ላይ እኩልታ ይይዘዋል። ለእሱ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ጥናት ሳይሆን ወደኋላ ተመልሶ ያቺን አንዲት ምዕራፍ እንደገና መሥራት ነው።

ሁለተኛውን «አትማርም፣ አትለወጥም» ብላችሁ ብትቆጡትስ? ትምህርቱ ገብቶታል። ያልያዘው የመሥራት ልማድ ነው። ምናልባት ክፍሉ ቀሎት ሰልችቶታል። ምናልባት ማታ ሱቅ ይጠብቃል። ለዚህ ልጅ አስጠኚ መቅጠር ገንዘብ ማባከን ነው። እሱ የሚፈልገው ቤት ሲገባ የምትጠብቀው ቋሚ ሰዓት፣ ጠረጴዛ፣ እና «የቤት ሥራህን አምጣ» የሚል ሰው ነው። ፈተናውን ሳይሆን ሥራውን የሚያይለት።

ይሄ የካርድ አነባበብ ግማሹ ነው። ሌላ ምንም ባታደርጉ እንኳን ፈተናን ከሌላው ለይታችሁ እዩ።

ካርዱ ከፍ ብሎ ልጁ ዝቅ ሲል

ለምን ይሄን አጥብቄ እላለሁ? በ2015 ዓ.ም ጥር ላይ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ተሰጠ። ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ ገደማ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በሚቀጥለው ዓመት 3.2፣ ከዚያ 5.4 በመቶ። በዚያ የመጀመሪያ ዓመት ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም።

ሰው ያኔ «ትውልዱ ደንቁሯል» አለ። እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የታየኝ። እነዚያ ልጆች ሁሉ 12ኛ ክፍል የደረሱት በየዓመቱ «ተዛውሯል» የሚል ካርድ እየተቀበሉ ነው። 80ና 85 የተጻፈበት ካርድ ይዘው ዩኒቨርሲቲ ግቢ የገቡ ነበሩ። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ ልጅ በሙሉ ሲወድቅ የልጆቹ ጭንቅላት ነው ችግሩ ማለት አያስኬድም። ሁሉም በአንድ ጊዜ ደደብ ሊሆኑ አይችሉም። መጽሐፉ በጊዜው አልደረሰም፣ ፊዚክስ አስተማሪ የለም፣ ፈተናው በአጤሬራና በኩረጃ ነበር የሚታለፈው፣ ነጥቡ በግሩፕ ወርክ ያብጥ ነበር። ካርዱ ይሄን ሁሉ ሸፍኖ አንድ ቁጥር ብቻ ሲሰጥ ኖረ።

ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ሲልም ጠርጥሩ። በተለይ ሁሉም ልጅ ከ90 በላይ የሚያመጣበት ትምህርት ቤት ልጃችሁ ካለ። ክፍያ የሚከፍል ወላጅ ዝቅተኛ ነጥብ ሲያይ ይነጫነጫል፤ ይሄን የሚያውቅ አስተዳደር አለ። ከዚህ በላይ አልሄድም።

ቤት ውስጥ የሚደረግ ፈተና

አሁን ልጁን ጥሩት። የምትቆጡት እንዳይመስለው፤ ቡና እየተፈላ ቢሆን ጥሩ ነው። ሁለት ነገር ትሞክራላችሁ።

አንደኛው ንባብ ነው። ከዘንድሮው መጽሐፍ አንድ አንቀጽ ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። ከዚያ መጽሐፉን ዝጉና «በራስህ አባባል ንገረኝ» በሉት። በአማርኛም በእንግሊዝኛም አድርጉት። በ2002 ዓ.ም አገር ውስጥ በተደረገ የንባብ ጥናት ከ2ኛ ክፍል ልጆች ሲሦ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል በትክክል ማንበብ አልቻሉም ነበር። እነዚህ ልጆች ካርድ ነበራቸው፤ ወደ 3ኛ የተዛወሩም ብዙ ናቸው። ልጃችሁ ፊደል እየቆጠረ፣ እየተንገዳገደ የሚያነብ ከሆነ የኅብረተሰብ ትምህርት ነጥቡ ዝቅ ማለቱ ስለ ኅብረተሰብ ትምህርት ምንም አይነግራችሁም። ንባቡን ካላስተካከላችሁ ሌላው ሁሉ ልፋት ነው።

ሁለተኛው ቋንቋን ከእውቀት መለየት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ልጅ 7ኛ ክፍል ሲገባ ሂሳብና ሳይንስ በእንግሊዝኛ ይሆናል። ሌሎች ክልሎች ላይ ይሄ ለውጥ 9ኛ ክፍል የሚመጣበት አለ። 6ኛ ላይ 88 የነበረ ልጅ 7ኛ ላይ 61 ሲያመጣ «ጎረምሳ ሆነ፣ ተበላሸ» ይባላል። ቆይ እስቲ! ያንኑ የፈተና ጥያቄ በአማርኛ ጠይቁት። «ሸሚዙ 800 ብር ነበር፣ ነጋዴው 15 በመቶ ቀነሰለት፣ ስንት ከፈለ?»

አንድ ተማሪዬ እናቱ ጉሊት ትሸጣለች፤ ከሰዓት በኋላ እሱ ነው የሚያግዛት። ፈተና ላይ ይሄን የመሰለ ጥያቄ ባዶ ትቶት መጣ። ኮሪደር ላይ በአማርኛ ስጠይቀው ጣሪያውን እንኳን ቀና ብሎ ሳያይ «680» አለኝ። «ዲስካውንት» የሚለውን ቃል ነበር የማያውቀው። ካርዱ ላይ ይሄ ልጅ ሂሳብ አይችልም። ጉሊት ላይ ግን ማንም አያታልለውም። ለእሱ የሰጠሁት መድኃኒት የሂሳብ ጥናት አልነበረም። የየምዕራፉን ቃላት ትርጉም ደብተሩ የኋላ ገጽ ላይ እንዲጽፍ ነው ያደረግሁት።

ተገላቢጦሹም አለና እሱንም እዩ። ፎቶሲንተሲስ ምንድን ነው ስትባል በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ሳትስት የምታንበለብል ልጅ አለች። «እሺ፣ ይሄን አበባ ቁም ሳጥን ውስጥ ለአንድ ወር ብንቆልፈው ምን ይሆናል?» ስትሏት ዝም። ሽምደዳ ነው። ክፍሏ ውስጥ ቀለሜዋ ተብላ የምትጠራ ልትሆን ትችላለች፣ ካርዷም ያምራል። ከ12ኛ ክፍል ፈተና ፊት ግን ሽምደዳ ሩቅ አይወስዳትም። እንዲህ ያለችውን ልጅ ከመጽሐፉ ያልተወሰደ «ቢሆንስ?» የሚል ጥያቄ በየቀኑ ጠይቋት። አንድ ይበቃል።

ደብተሩን ሳትዘጉት

ከሰሌዳ የተገለበጠውን ከመጽሐፉ ጋር አስተያዩ። 3ቱ 8 ሆኗል? ነጥብ የነበረው ጠፍቷል? መስመር ተዘሏል? ልጁ የት ረድፍ ነው የሚቀመጠው? ብዙ «ሰነፍ» የተባለ ልጅ ማየት ያቃተው ልጅ ነው፤ ልጅ ደግሞ ሁሉም ሰው እንደሱ የሚያይ ይመስለዋልና አይናገርም። የዓይን ምርመራ ከአንድ ወር አስጠኚ ይረክሳል። ጆሮም እንደዚሁ፤ ስትጠሩት ቶሎ የማይዞር ልጅ ሁልጊዜ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ አይደለም።

የቀረበትን ቀንም ቁጠሩ። ጠዋት ውሃ ቀድታ፣ ታናሿን አልብሳ፣ ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ የምትደርስ ልጅ ካለች ካርዷ የሚለካው የቤቱን ሥራ ክፍፍል ነው። ወንድሟ ለምን ከእሷ በልጦ እንደወጣም ያኔ ይገባችኋል።

ታዲያ ስለ ጭንቅላቱ ምን ይነግረናል?

ትንሽ። እውነቱን ለመናገር የማሰብ ችሎታ መለኪያ የሚባለው ፈተና ራሱ ሲጀመር ለዚህ ፍርድ አልተሠራም። አልፍሬድ ቢኔትና ቴዎዶር ሲሞን በ1905 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ሲያዘጋጁት ዓላማው ተጨማሪ እገዛ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች መለየት ነበር። ቢኔት የልጅ አእምሮ ተለክቶ ያለቀለት ነገር ነው የሚለውን አስተሳሰብ ተቃውሞ ጽፏል። አእምሮን ለመመዘን የተዘጋጀው ፈተና ያልደፈረውን የእኛ የሰኔ ካርድ እንዴት ይድፈር?

ስለ ትጋት ግን ካርድ የሚለው አለው። አሜሪካ ውስጥ አንጄላ ዳክወርዝና ማርቲን ሴሊግማን በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን ዓመቱን ሙሉ ተከታተሉ። የመጨረሻ ውጤታቸውን ይበልጥ ያመለከተው የአይኪው (የማሰብ ችሎታ መለኪያ) ፈተና ሳይሆን ራስን የመግዛት ልማድ ነበር፤ ልዩነቱም ከእጥፍ በላይ ነው። ይሄ እኔ ሮስተር ላይ ከማየው ጋር ይገጥማል። ከፍተኛ ነጥብ በአብዛኛው የሚነግረኝ ልጁ ጊዜውን ጠብቆ እንደሚሠራ ነው።

ዝቅተኛ ነጥብ ግን ልጁ ፍላጎት የለውም ማለት ነው ብላችሁ አትገልብጡት። ፍላጎትን ማየት ከፈለጋችሁ ማንም ሳያዘው የሚሠራውን እዩ። የተበላሸ ሬዲዮ ፈቶ የሚገጥም ልጅ፣ የኳስ ተጫዋቾችን ጎልና ዕድሜ ሠንጠረዥ ሠርቶ የሚይዝ ልጅ፣ ፍላጎት አለው። ያለው ሌላ ቦታ ነው። ወይም ይሄን አድርጉ፦ ከክፍሉ ትንሽ ከበድ ያለ አንድ ጥያቄ ስጡትና ዞር በሉ። አሥር ደቂቃ ታገለው? ሞክሮ ሰረዘ፣ እንደገና ሞከረ? መልሱን ባያገኘውም ለዚህ ልጅ አትጨነቁለት። ገና ሲያየው «አልችልም፣ እኔ ሂሳብ አይገባኝም» ካለ ግን የሆነ ሰው ይሄን ነግሮታል። መምህር ሊሆን ይችላል። ቤት ውስጥም ሊሆን ይችላል።

ምስጋናችሁንም አስተካክሉ። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ በ1998 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ላይ ከፊሉ ልጅ «ብልህ ነህ» ተባለ፣ ከፊሉ «በርትተህ ሠርተሃል» ተባለ። ከዚያ ከባድ ጥያቄ መጣ። ብልህ የተባሉት ቶሎ ተስፋ ቆረጡ፣ ቀጥሎ የመጣውን ቀላሉን እንኳን ከበፊቱ አሳንሰው ሠሩ፤ ውጤታቸውን ሲጠየቁ ጨምረው የተናገሩትም እነሱ መካከል በዙ። እኛ ጋ «ጭንቅላት አለው እኮ» የሚባለው ልጅ ካርዱን ሲደብቅ አይታችሁ አታውቁም?

«አንደኛ ከወጣህ ሳይክል እገዛልሃለሁ» የሚለውም ውል አይጥመኝም። መሳል የሚወዱ ሕፃናትን ሰርተፊኬት እንሰጣችኋለን ብለው ያሳሏቸው ተመራማሪዎች በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ነገር አለ፦ ሽልማቱ ካለፈ በኋላ እነዚያ ልጆች ሽልማት ካልተነገራቸው ያነሰ ነበር የሳሉት። ሳይክሉን መግዛት ከቻላችሁ ግዙለት፣ ልጅ ነው ይጫወትበት። ከደረጃው ጋር አታጋቡት።

ከመምህሩ ጋር መቼና እንዴት

ሰኔ 30 አትምጡ። ማለቴ ካርድ ለመቀበል ኑ፤ ለመነጋገር ግን ያ ቀን አይሆንም። ስልሳ ወላጅ ተሰልፏል፣ እኛም ደክሞናል፣ ዓመቱም አልቋል። ጥሩው ጊዜ የመጀመሪያው ሚድ ታርሞ እንደተመለሰ ነው፤ ገና የሚስተካከል ነገር አለ።

«ቲቸር፣ ልጄ እንዴት ነው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱን እኔ እነግራችኋለሁ፦ «ጎበዝ ነው፣ ትንሽ ይረብሻል።» ስለ ሁሉም ልጅ እንዲህ እንላለን። ይልቅ እንዲህ በሉ፦ «ፈተና ላይ ስንት፣ ከፈተና ውጪ ስንት አመጣ? የታረመውን ወረቀት ላየው? ከየትኛው ምዕራፍ ነው የተሳሳተው?» ይሄን የጠየቀ ወላጅ መጥቶ ከሄደ በኋላ፣ እመኑኝ፣ ያንን ልጅ እኔ ራሴ በሌላ ዓይን ነው የማየው። ወረቀቱን ማስቀረት ካልተፈቀደላችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

ክረምቱን ደግሞ በአሥር ትምህርት አትሙሉት። ከፎቶው ላይ ብዙ ስህተት ያለበትን አንድ ምዕራፍ ምረጡ። ሐምሌን በሙሉ እሷን ብቻ፣ በቀን ግማሽ ሰዓት። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ያንኑ ፈተና ባዶ ወረቀት ላይ ገልብጣችሁ እንደገና ስጡት። ስህተቱ ከቀነሰ መስከረም ላይ ሌላ ምዕራፍ ያዙ። ካልቀነሰ ልጁን አትቆጡ፤ የሚያስረዳውን ሰው ቀይሩለት።